ለወደቀው ሰውዬ «እኔን!» አልኩ

«ፊደል ያልቆጠረች አሮጊት፣ ዓይኗ ፈዞ ነው» እያላችሁ ስታሙኝ ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ደህና ነው!

ዓይኔም ደህና ነው። ይህ በእውነት የሆነ ነገር ነው። የምናገረውን የምትጽፈው ምራቴ ሰላማዊት ናት፤ እሷም አይታለች።

ደብረ ታቦር፣ እዚሁ ቤታችን። እሁድ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት። ጉም ወርዶ ደጁ አይታይም።

ጎረቤታችን ባዩ በፍላሽ የድሮ የፈረንጅ ፊልም ይዞ መጣ። ቀለም የለው፣ ድምፅ የለው። አንድ ቀጭን ሰውዬ ዱቄት ተሸክሞ መሰላል ይወጣል... ይወድቃል። ይነሳል... ይወድቃል።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

እኛ ዘንድ ሰው ሲወድቅ «እኔን!» ይባላል። ለአንተ የመጣው ለእኔ ይሁን ማለት ነው። አይሳቅም!

«እኔን!» አልኩ።

ከሰውዬው ይልቅ በእኔ ሳቁ።

«እማማ ሙሉ፣ ፈረንጁ እኮ ከሞተ ቆየ!»

«ዝም በል፣ አንተ ገልፋጣ!» አልኩት ባዩን።

የመጨረሻ ልጄ ይርጋ ሲሳቅብኝ አይወድም። ሰውዬው ደግሞ ሲወድቅ ከእኔ ጋር ጮኸ። «እኔን!»

ሰውዬው አልተነሳም።

እንደተጋደመ አንገቱን አዞረ... ይርጋን አየው። ፈገግ አለ።

«እማዬ... አየሽው?» አለኝ ይርጋ በሹክሹክታ።

«አየሁት። ዝም በል።»

የይርጋ ትከሻ ላይ ዱቄት ነበር። ያን ቀን እኛ ቤት ዱቄት የነካ ሰው የለም።

በማግስቱ አስር ሰዓት ላይ ይርጋ ወደቀ። ምንም ሳያደናቅፈው... እግሩ ወደ ላይ፣ ጀርባው ወደ ታች።

ድምፅ አልነበረውም።

ያን የሚያህል ጎረምሳ መሬት ሲመታ ቤቱ ጭጭ! አፉን ከፍቶ ጮኸ። ምንም አልተሰማም።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይወድቃል። ጎኑ ተሰባብሮ አልጋ ላይ ቀረ፤ ከአልጋውም ይወድቃል። ሐኪም «መውደቁን ያመጣው አልታወቀም» አለ። ጣራ ገዳም ጸበል ወሰድነው። ከራሱ የወረደው ውኃ እንደ ሊጥ ነጭ ነበር።

«እማማ፣ ፍላሹን እናቃጥለው» አለች ሰላማዊት።

«እምቢ! ካቃጠልነው ማንን ልለምን?»

ዛሬ አስር ሰዓት ሲሆን ፊልሙን አስከፈትኳት። ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ይርጋ ከኋላዬ ተኝቷል።

ሰውዬው መሰላሉን ወጣ...

«እኔን! እኔን!» አልኩ፣ ጉሮሮዬ እስኪነቃ።

አልወደቀም። ጫፉ ላይ ቆሞ፣ በእኔ ላይ አሻግሮ አልጋውን አየ። እንደ ዕቃ አለፈኝ!

ዞርኩ።

ይርጋ አልጋው ላይ ቆሟል። አንድ እግሩን አየር ላይ አሳረፈ... ሁለተኛውንም አነሳ። ደግሞ አንድ... ደግሞ...

ባዩን ተጣራሁ። «ደግሞ ጀመሩ፣ እማማ!» ብሎ ከደጁ ሳቀ።

ይኸው ሰላማዊት ስትጽፍ፣ ልጄ ጣራው ሥር ቆሟል። ከእግሩ በታች ምንም የለም። ገና አልወደቀም።

አንተ ሰውዬ! መጀመሪያ «እኔን» ያልኩት እኔ ነኝ። ልጄን ቀስ አድርገህ አውርድና ወደ እኔ ዙር!