ሀያትን ላደበዝዝ የሞከርኩበት ቀን

ወላሂ እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም፣ ሰፈር ውስጥ ጅን ታየ ሲባል እየሳቅሁ የማልፍ፣ ቡዳ በላኝ ለሚለኝ ሰው ሐኪም ቤት ሂድ የምል ነበርኩ፣ አሁንም ቢሆን የገጠመኝን ነገር ስሙን አላውቀውም፣ ያየሁትን ብቻ ልንገራችሁ።

ባለቤቴ ኑሩ ቁስቋም መውረጃው ላይ ፎቶ ቤት አለው፣ እሱ ያነሳል፣ ኮምፒውተሩ ላይ የምሠራው እኔ ነኝ። ያኔ አጎቱ ለልብስ መደብራቸው ድረ ገጽ ሊያሠሩ ፈለጉና፣ ቀሚሶቹን የመደብሩ ሻጭ ሀያት እየለበሰች ኑሩ አርባ ፎቶ አነሳት። ሀያት ማለት ከእኔ በፊት ኑሩ ሽማግሌ ልኮባት ቤተሰቦቿ እምቢ ያሉት ልጅ ናት። ይህን እያወቅሁ ፎቶዋን አንድ በአንድ እየቆረጥኩ፣ ብርሃኑን እያስተካከልኩ፣ ገጹ ቶሎ እንዲከፈት መጠኑን እየቀነስኩ ልቀመጥ? ቀናሁ፣ ምን ልዋሻችሁ፣ አንጀቴ አረረ። ቀሚሱን ትቶ ፊቷን ነው እኮ ያነሳው፣ ሽፋሽፍቷ ሳይቀር ይቆጠራል!

ኑሩ ጠዳ ሰርግ ሊያነሳ የሄደ ዕለት፣ ከአስር ሰዓት በኋላ ብቻዬን ነበርኩ። እስቲ አሁን ቁንጅናሽን አያለሁ አልኩና የአንዱን ፎቶዋን የጥራት ቁጥር ከሰማንያ ወደ አምስት አወረድኩት፣ እዚህ ድረስ ሲወርድ ፎቶ በትንንሽ አራት ማዕዘን ይፈራርሳል። ገና ሳስቀምጠው ከኋላዬ ቀጭ አለ፣ ጥፍር መስታወት ሲነካ ዓይነት። ዞርኩ፣ ማንም የለም። ፎቶውን ስከፍተው ቀሚሱ ፈርሷል፣ ግድግዳው ፈርሷል፣ የሀያት ፊት ግን ኩልል እንዳለ ነው። እልህ ያዘኝና ወደ ሦስት፣ ከዚያ ወደ አንድ አወረድኩት። ቀጭ። እንደገና ቀጭ። ፊቷ ንቅንቅ አላለም።

ሦስተኛው ላይ ድምፁ ከየት እንደመጣ ለየሁት፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የሰርጋችን ፎቶ ነው። ቀረብ ብዬ አየሁት። ኑሩ እንዳለ አለ፣ እጄ ላይ ያለው እንሶስላ እንኳ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ፊቴ ግን ከአገጬ እስከ ግንባሬ አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ሆኗል። እመኑኝ፣ በፊልም ተነስተን በወረቀት የታጠበ፣ ኮምፒውተር ደጃፍ ደርሶ የማያውቅ ፎቶ ነው! መስታወቱን በሻሼ ጠረግሁት፣ ሮጬ ቁጥሩን ወደ ሰማንያ መለስኩት፣ ግድግዳው ላይ የተለወጠ ነገር የለም።

ኑሩ ሲገባ ሻሼን ጨብጬ ፎቶው ሥር ቆሜ ነበር።

«ምነው? ምን ሆነሻል?» አለኝ ቦርሳውን እያስቀመጠ።

«ፎቶውን እየው፣ ፊቴን እየው!»

ቀርቦ አየው፣ ደህና አድርጎ አየው፣ ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ።

«ምን ሆነ?» አለ። «ፊትሽ ሁልጊዜም እንዲህ ድብዝዝ ያለ ነበር እኮ።»

ሲቀልድ አውቀዋለሁ፣ አልቀለደም። የሀያትን ፎቶዎች ምንም ሳልነካካ አስረከብኩ። ኑሩ ሸጋ ባል ነው፣ ክፉ ቃል ወጥቶት አያውቅም፣ ግን ከዚያ ወዲህ ፎቶ ላንሳሽ ባለኝ ቁጥር ሥራ አለብኝ እላለሁ።