ከዝርዝሩ ያልተሰረዙት

"እማ... ደብዳቤውን ማነው የከፈተው?"

ይህን የጠየቀችኝ ልጄ ኢቬታ ናት።

ሐሙስ ነበር። ከቀኑ ለአሥር ሰዓት አሥር ጉዳይ። ቦታው የመንደራችን የዶልና ክሩሻ የንባብ ቤት ነው፤ ከምድጃው አጠገብ ያለው ጠረጴዛ።

የምነግራችሁ በራሴ ላይ የደረሰውን ነው። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሁለት ዓመቴ ነው። ለውሸት የማባክነው ቃል ገና አላጠራቀምኩም።

ከመጀመሪያው ልጀምር።

በመንደራችን የቀረነው ስልሳ አንድ ሰው ነን። ሌላው ቪዲን ከተማ ነው፣ ሶፊያ ነው፣ ስፔን እንጆሪ ለቀማ ነው። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል። ዳቦ ቤቱም ተዘግቷል። የቀረን መጽሐፍ የምንዋስበትና የምንሰበሰብበት የንባብ ቤቱ ብቻ ነው።

እኔ እዚያ ወለል እጠርግ ነበር። ማንበብ ያስተማሩኝ የቤቱ ኃላፊ እትዬ ስቶይና ናቸው። እርሳስ ይዘው አጠገቤ ይቀመጡና፣ ባነበብኩት ቃል ሥር ሁሉ ትንሽ ነጥብ ያደርጋሉ።

ቃል... ነጥብ። ቃል... ነጥብ።

ለብቻቸው ሲያነቡም ይህ ልማድ አይለቃቸውም። በንባብ ቤቱ ውስጥ ነጥብ የሌለበት መጽሐፍ አታገኙም።

ለመንደሩ ሽማግሌዎች፣ ልጆቻቸው ከውጭ እንዲጽፉላቸው ብለው፣ ለእያንዳንዳቸው ኢሜይል ያወጡላቸው እሳቸው ናቸው። የይለፍ ቃሎቹን በአንድ ሰማያዊ ደብተር ጽፈው ያዙ። ከዚያ በየወሩ ከንባብ ቤቱ ድረ ገጽ፣ እዚህም ውጭም ላሉት ሁለት መቶ አሥራ አራት አባላቱ ደብዳቤ ይላክ ጀመር። ማን ወለደ፣ ማን ሞተ፣ የማን ጣሪያ ወደቀ...

ኦገስት ላይ እትዬ ስቶይና ሞቱ።

ሰማያዊውን ደብተር ሬሳ ሣጥናቸው ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። በቀኝ እጃቸው ሥር። በሕይወት ሳሉ ከእጃቸው አይለዩትም ነበርና፣ ይዘውት ይሂዱ አልኩ።

ሊሞቱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ጠርተውኝ ነበር።

"ዝላትካ፣ ደብዳቤውን ከእንግዲህ አንቺ ላኪ። ከዝርዝሩ ማንንም እንዳታወጪ።"

"የሞቱትንስ?"

"ማንንም አልኩሽ።"

አልገረመኝም። እኛ ጋ ሰው ሲሞት ፎቶው ያለበት የመርዶ ወረቀት በቤቱ በር ላይ ይለጠፋል። በዓመቱ ሌላ ይለጠፋል፤ በአሥር ዓመቱም እንዲሁ። ዝናብና ንፋስ ይወስደዋል እንጂ የሰው እጅ አይቀድደውም። ከዝርዝሩም ማንም ማንንም ሰርዞ አያውቅም።

ከሁለት መቶ አሥራ አራቱ ሰማንያ ሦስቱ መቃብር ውስጥ ናቸው።

መኸር ላይ ከማዘጋጃ ቤት ወረቀት መጣ። በሙታን ቅዳሜ፣ በአሥር ሰዓት፣ ዓመታዊ ስብሰባ ይደረጋል። ሠላሳ አባል ካልተገኘ የንባብ ቤቱ ይዘጋል፣ ቁልፉም ይወሰዳል።

ሙታን ቅዳሜ ሰው ሁሉ ንፍሮ ይዞ መቃብር የሚወጣበት ቀን ነው። ቀድመው ካወቁ ከከተማም ይመጣሉ። ሠላሳ ሰው ይሞላል ብዬ ነበር።

ጥሪውን ሦስት ቀን ጻፍኩት። ኢቬታ ላከችው።

በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተመለሰ። ሁሉም።

"ስፓም ብለው አግደውናል" አለች ኢቬታ።

"ምን ማለት ነው?"

"ቆሻሻ፣ እማ። በጅምላ የሚላክ ቆሻሻ።"

ኢቬታ ድረ ገጹን የሚያስቀምጥልን ድርጅት ጋ ደወለች። ሰውየው አልተቆጣም፤ ለልጅ እንደሚያስረዳ አስረዳን።

"ሰማንያ ምናምን አድራሻ ላይ ለዓመታት ደብዳቤያችሁን የከፈተ ሰው የለም። ማንም ወደማይከፍተው የሚልክ አጭበርባሪ ብቻ ነው ብለው ያስባሉ፣ የኢሜይል ድርጅቶቹ። እነሱን ሰርዟቸው፤ በጥቂት ቀን ይለቋችኋል።"

ኢቬታ ስልኩን ዘግታ አየችኝ።

"ልሰርዝ?"

"አትሰርዢም።"

"እማ፣ ሞተዋል እኮ።"

"መሞታቸውን ለእኔ ትነግሪኛለሽ? ንፍሯቸውን የምቀቅለው እኔ ነኝ።"

"ቤቱ ሲዘጋ ንፍሮሽን ታቅፈሽ ትቀመጫለሽ። እኔ ግን ሶፊያ ነው የምሄደው።"

ያለችኝ አንድ ልጅ እሷ ናት። ሌሊት ብትተነፍስ ባትተነፍስ ተነስቼ የማዳምጥ ሰው ነኝ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷት እንኳ።

ግን አሁንም "አትሰርዢም" አልኩ። "ኖረው፣ ሠርተው፣ ይህን ቤት በእጃቸው ገንብተው... ቆሻሻ አይባሉም።"

ጥሪውን በእጄ መጻፍ ጀመርኩ። ሰባ ወረቀት። ግማሹን በፖስታ ላክሁ፣ ግማሹን በየቤቱ አዞርኩ። አንዱን በንባብ ቤቱ በር ላይ ለጠፍኩ።

ጣሪያ ጠጋኙ ጋሼ ፔትኮ ቆመው አዩት።

"ጽሕፈትሽ ከፍየሌ ዱካ ይሻላል፣ ዝላትካ። በጥቂቱ።"

"ይመጣሉ ወይ? እሱን ይንገሩኝ።"

"ምድጃ ታነጃለሽ?"

"አነዳለሁ።"

"ምድጃ ካለማ ሞቼም እመጣለሁ።"

ሳቅን።

ከዚያ ያ ሐሙስ መጣ።

ኢቬታ ደብዳቤውን ማን እንደከፈተ የሚያሳየውን ገጽ እያየች ነበር። ድንገት ወደ ኮምፒውተሩ ማያ ተጠጋች።

"እማ... ደብዳቤውን ማነው የከፈተው?"

"አልሄደም አላልሽኝም?"

"አልሄደም። ግን ሰማንያ ሦስት ሰው ከፍቶታል ይላል።"

"እነማን?"

ማያውን ወደ እኔ አዞረችው።

ቀስ ብዬ አነበብኩ። ጌና፣ አማቴ፣ ከሞተች ሦስት ዓመቷ። አንጥረኛው ማንዮ። ወንዝ የወሰዳቸው ሁለቱ ወንድማማቾች። ወደ ታች... ወደ ታች...

መጨረሻ ላይ ስቶይና።

በሕይወት ካለው ሰው አንድም አልነበረም።

"ሁሉም በአንድ ደቂቃ ነው የከፈቱት" አለች ኢቬታ። ድምፅዋ ወርዷል። "ለአሥር አሥር ጉዳይ።"

የግድግዳውን ሰዓት አየሁ።

ለአሥር አሥር ጉዳይ ነበር።

"እማ... የይለፍ ቃሎቹ ያሉበት ደብተር የት ነው?"

"የት እንዳለ ታውቂያለሽ።"

ኮታችንን አንስተን ወጣን። በሩን ስቆልፍ የለጠፍኩት ጥሪ ዓይኔ ላይ ወደቀ።

በእያንዳንዱ ቃል ሥር ትንሽ የእርሳስ ነጥብ ነበር።

ከመጀመሪያው ቃል... እስከ መጨረሻው። ጠዋት ነጥቡ አልነበረበትም።

ለኢቬታ አላሳየኋትም።

ዓርብ ቀትር ላይ ከመንገድ ወደ ቤት ስመለስ የቤታችን በር ላይ የአማቴ የመርዶ ወረቀት አለ። ስሟ አለ። ጥቁሩ ክፈፍ አለ።

ፊቷ የለም።

ወረቀቱን ነካሁት። ደረቅ ነው። ዝናብ ከጣለ ሳምንት አልፎታል። ፊቷ የነበረበት ቦታ እንደ ታጠበ ሳህን ነጭ ሆኗል።

ኢቬታ ወጥ ቤት ተቀምጣ ጥፍሯን ትበላለች።

"ምን አደረግሽ?"

"አንድ ብቻ ነው የሰረዝኩት... ይለቁን እንደሆነ ልሞክር ብዬ..."

"ማንን?"

"አያቴን።"

"መልሻት።"

"እማ፣ ስም ብቻ እኮ ነው..."

"ኢቬታ። አያትሽን መልሻት።"

ስልኳን አንስታ መለሰቻት።

በማግስቱ ጠዋት ፊቷ ወረቀቱ ላይ ነበር። ግን አማቴ በዚያ ፎቶ ሁልጊዜ ወደ መንገዱ ነበር የምታየው።

አሁን ወደ በሩ እጀታ ታያለች።

ያ ቀን ሙታን ቅዳሜ ነው። ጠዋት መቃብር ወጥተን ንፍሯችንን በስኳር አድርገን አደልን። ከሰዓት ምድጃውን አነደድኩና ወንበሮቹን ደረደርኩ። ለሠላሳ ሰው።

ለአሥር አሥር ጉዳይ ላይ ቆጠርኩ።

አሥራ ዘጠኝ ነን።

በፖስታ የላክሁት ወረቀት ደርሷቸው ከቪዲን የመጡት አራት ናቸው። ሌላው የመንደሩ ሰው ነው፣ በእግሩ መቆም የሚችለው። ጋሼ ፔትኮ ምድጃው ሥር ተቀምጠዋል።

የማዘጋጃ ቤቱ ሰው አቶ ካልቼቭ ቦርሳቸውን እንኳ አልከፈቱም።

"ሠላሳ አልሞላችሁም፣ እመቤት። አያደክሙኝ። አውቶቡሴ በአሥራ አንድ ሰዓት ነው።"

"ይቁጠሩ።"

"አየሁ እኮ።"

"ዝርዝሩን አነብባለሁ። እርስዎ ይቁጠሩ። ደንቡ እንዲህ ነው።"

ደንቡ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር። ኢቬታ እጅጌዬን ሳብ አደረገች፤ እጅዋን አስለቀቅሁ።

በሰው ፊት ቆሜ ሳነብ የመጀመሪያዬ ነው። የመጀመሪያውን ስም አነበብኩ። ሁለተኛውን። የሕያዋኑን ሳነብ ያሉት "አለሁ" ይላሉ፣ የሌሉት ይታለፋሉ።

የአማቴ ስም ላይ ስደርስ ላልፈው እችል ነበር።

አላለፍኩም።

"ጌና ቶዶሮቫ።"

ዓይኔን ከወረቀቱ አላነሳሁም።

ከዚያ ከኋላ፣ በሩ አካባቢ፣ የወለሉ ጣውላ ሲጥ አለ። የአቶ ካልቼቭ እርሳስ ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ጫረ።

"ማንዮ ጌርጎቭ።"

ሲጥ። ጭረት።

አንድም አልዘለልኩም። ሁለት መቶ አሥራ አራቱንም አነበብኩ። የምድጃው እሳት ወደ አንድ ወገን ተኝቶ ነበር፣ በር ተከፍቶ እንደቀረ። በሩ ግን ዝግ ነው።

መጨረሻ ላይ "ስቶይና ፓቭሎቫ" አልኩ።

ሲጥ።

አቶ ካልቼቭ ጭረቶቹን ደመሩ። እንደገና ደመሩ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

"መቶ ሁለት" አሉ። ከዚያ ግንባራቸውን ቋጥረው ከራሳችን በላይ ወደ ኋላ ተመለከቱ። "ከኋላ ያሉት ለምን ይቆማሉ? ወንበር አለ እኮ።"

ሁላችንም ዞርን።

ማንም የለም።

ጋሼ ፔትኮ፣ ከንፈራቸውን ሳያላውሱ ማለት ይቻላል...

"ዝላትካ... ወንበር አውጪላቸው።"

ከመጋዘን ወንበር አወጣሁ። አንድ በአንድ። ሰማንያ ሦስት አልነበረንም፤ አግዳሚዎቹንም ጨመርኩ። ማንም ሊያግዘኝ አልተነሳም፤ ማንም አልወጣምም።

አቶ ካልቼቭ ፈረሙ። "ይህ ቤት ይበርዳል" ብለው ኮታቸውን እየቆለፉ ሄዱ። አውቶቡሳቸው ገና ሃያ ደቂቃ ነበረው።

ያስቀመጡልኝን ወረቀት አነሳሁ። ከጭረቶቹ ጎን የአባላቱ ስም አለ። ያነበብኳቸው ስሞች ሥር ሁሉ... ነጥብ።

እሑድ ጠዋት ኢቬታ ሻንጣዋን ይዛ ፌርማታው ላይ ቆመች።

"አብረን እንሂድ፣ እማ።"

"ቤቱን ማን ይከፍታል?"

"እነሱ የሚከፍትላቸው ሰው የሚፈልጉ ይመስልሻል?"

አቀፍኳት። ሹራብ ጨምሪ አልኳት። ሄደች።

ደብዳቤውን አሁንም በየወሩ እልካለሁ። ለሁለት መቶ አሥራ አራቱም። አሁንም ቆሻሻ ብለው ያግዱታል። ያግዱት። አንድ ስም አላጎድልላቸውም።

በየወሩ ደግሞ ለአሥር አሥር ጉዳይ ላይ ገጹን እከፍታለሁ። ሰማንያ ሦስት ይላል። እተነፍሳለሁ።

"እማ፣ ደብዳቤሽ ዛሬም አልደረሰኝም" ትለኛለች ኢቬታ በስልክ።

"ተመስገን።"

"ምን አልሽ?"

"ምንም። በላሽ?"

ጃንዋሪ ላይ፣ በረዶ በጣለ ማግስት፣ ገጹን ስከፍት...

ሰማንያ አራት ይላል።

ስሙን ማንበብ አልቻልኩም። ፊደሎቹ ሁሉ ጠፉብኝ፣ እንደ ድሮው። ስልኩን አነሳሁ። ጠራ... ጠራ... ጠራ...

"እማ? ሥራ ላይ ነኝ፣ ምን ሆነሽ ነው?"

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ከስልኩ ውስጥ "እማ... እማ..." ትላለች። እኔ ደግሞ ከውጭ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል እሰማለሁ። ቀስ እያለ፣ አንድ በአንድ፣ ለሞተ ሰው እንደሚደወለው።

ለጋሼ ፔትኮ ነበር።

ቀና ስል፣ እዚያ ምድጃው ሥር፣ ጠዋት ከግድግዳው ጋር ያስጠጋሁት አንድ ወንበር ወደ እሳቱ ተስቧል። ከእግሩ ሥር ወለሉ ላይ በረዶ ይቀልጣል።

ኢቬታ ሄዳለች። እኔ ቀርቻለሁ። ሰማንያ አራቱም አልሄዱም።