ስሕተቱ የጎብኚዋ ነው

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባለቀ በሁለተኛው ዓመት፣ በጥቅምት ወር፣ በዕለተ ማክሰኞ ማለዳ፣ ከገመድ ፋብሪካው ጀርባ ባለው መደዳ ቤት ፊት ለፊት አንዲት የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ደብተሯን በብብቷ ሸጉጣ ቆማ ነበር፤ ጫማዋ አዲስ ነው፤ ከአዲስነቱም የተነሣ በየእርምጃው ሲጥ ሲጥ ስለሚል፣ ገና በር ሳታንኳኳ መምጣቷን መደዳው ሁሉ ሰምቷል። መደዳው አሥር ክፍል ነው፤ ለአሥሩም አንድ ጣሪያ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ።

ወጣቷ መንገድ ጠፍቷት የመጣች እንዳይመስላችሁ፤ የማዘጋጃ ቤቱ የችግረኞች መርጃ ክፍል የመጀመሪያዋ ሴት ጎብኚ ናት፤ ያውም የተማረች! ከእሷ በፊት ሥራውን የያዙት አንድ ጡረተኛ ባሻ ነበሩ፤ አሠራራቸውም በር ላይ ቆመው «ስንት ናችሁ?» ብለው መጮህ፣ መልሱን ሳይሰሙ መጻፍ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው በር መሄድ ነበር፤ በቃ። እሷ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ተምራዋለች፤ የሰው ቤት እንዴት እንደሚገባ፣ ሰው ሲናገር እንዴት ዝም እንደሚባል (ይሄኛው ነው የከበዳት፤ ወሬ ነፍሷ ነው)፣ ያዩትን ከገመቱት እንዴት ለይቶ እንደሚጻፍ፣ ስለ ሕፃናት አስተዳደግ፣ ስለ ሳንባ በሽታ፣ ስለ ሕግ፤ ስንቱ!

ቤተሰቧ ግን ነገሩ እስካሁን አልገባቸውም።

«ቆይ እንጂ፣ ሰው ቤት ሄደሽ እንዴት ናችሁ ብለሽ ትመለሻለሽ፤ ለዚህ ደመወዝ ይከፈልሻል?» አሉ እናቷ። «እኔ ታዲያ ሃያ ዓመት በነፃ ስሠራው ማን አየኝ?»

አባቷ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው፣ «ተያት፤ የሰውን ጓዳ ቆጥራ ስትጨርስ የኛንም ትቆጥርልናለች» አሉ።

ቀልድ ነው፤ ግን ወጋ አድርጓታል። የሦስት ወር የሙከራ ጊዜዋ ዓርብ ያልቃል፤ ያን ዕለት ወይ ቋሚ ትሆናለች ወይ ትሰናበታለች። ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ደግሞ የብርዱ ወራት መዝገብ ይዘጋል፤ መዝገቡ ላይ የሰፈረ ቤት ብርዱ እስኪያልፍ ዱቄት፣ ወተትና ከሰል ያገኛል፤ ያልሰፈረ እስከሚመጣው ዓመት ይጠብቃል። ከመደዳው ስድስት ቤቶች አመልክተዋል። እሷም ማክሰኞ ሦስቱን፣ ረቡዕ ሦስቱን ልታይ ወስና፣ ከሁለት ቀን በፊት በየበሩ ወረቀት ልካለች፤ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት እመጣለሁ፤ ይመቻችኋል ወይ?» የሚል። ሳይናገሩ ሰው ቤት ዘው ማለት ነውር ነዋ! ትምህርት ቤትም ያስተማሯት እንዲሁ ነው።

የመጀመሪያው በር የአጣቢዋ ነበር፤ ባሏ በጦርነቱ የሞተባት፣ አራት ልጆች የምታሳድግ ሴት። ጎብኚዋ ገብታ ዓይኗን ማመን አቃታት። ሁለት ባለከፋይ ወንበሮች፣ አልጋው ላይ ሰማያዊ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ትልቅ ባለደወል ሰዓት፤ አራቱ ልጆችም በቁመታቸው ልክ ተደርድረው ቆመዋል።

«ይቀመጡ እመቤቴ።»

«ኧረ አንቺ በይኝ፣ እትዬ። ለመሆኑ ምን ጎደላችሁ?»

«ምን ይጎድለናል? ምንም! ንጹሕ ነን። ልጆቼም ንጹሕ ናቸው፤ አንገታቸውን ይዩት። አንተ፣ አንገትህን አሳያቸው!»

አንገት ታየ፤ ጆሮም ታየ። ጎብኚዋ ተሰናብታ ስትወጣ፣ አጣቢዋ እስከ ቧንቧው ሸኝታ፣ እዚያ ደግሞ ሩብ ሰዓት ሙሉ ስለ ሳሙና ጥራት አወራቻት። ቀጥሎ ከማተሚያ ቤቱ ፊደል ለቃሚ ቤት ገባች፤ ሰውየው ሳንባቸውን ታመው ከሥራ ከወጡ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሆኖም ባለከፋይ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሳላቸውን ዋጥ እያደረጉ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሙሉ ነን» አሏት። ግድግዳው ላይ ሰዓት፤ አልጋው ላይ ሰማያዊ ብርድ ልብስ። ሦስተኛውም ቤት እንደዚያው። ልጅቱ ሁሉም ከአንድ ሱቅ የገዙ መሰላት! እንዲያውም ደብተሯ ላይ «የሰፈሩ ሰው ሰዓት ይወዳል» ብላ ጻፈች፤ ከዚያም በሦስቱም ሥር «ቤቱ የተሟላ፤ እርዳታ አያስፈልገውም» ብላ ፈረመች።

የክፍሉ ሹም ሻምበሉ ሪፖርቱን ሲያነቡ ፊታቸው በራ።

«ሦስት ቤት ባንድ ቀን ተቀነሰ! ባሻው በአሥር ዓመት አንድ አልቀነሱልኝም። ዛሬውኑ ለማዘጋጃ ቤቱ ጉባኤ አነባለሁ፤ ሴት ጎብኚ ምን ታደርጋለች ሲሉኝ ለነበሩት!»

እውነትም አነበቡ፤ እውነትም ተጨበጨበ። ልጅቱ ወደ ቤቷ የተመለሰችው መሬት ሳትረግጥ ነው ማለት ይቻላል።

ረቡዕ ቀጠሮዋ ለአራት ሰዓት ነበር፤ የማዘጋጃ ቤቱ የወተት መኪና መንገድ ላይ አግኝቶ ስለሸኛት ግን አንድ ሰዓት ቀድማ ደረሰች፤ መኪናው ደግሞ ያወረዳት በመደዳው ጀርባ፣ መስኮቶቹ በሚከፈቱበት በኩል ነው። እዚያ ምን አየች? በአጣቢዋ ቤት ያደረው ባለከፋይ ወንበር፣ ወደ ዛሬው ተረኛ ቤት ሊሄድ፣ ከመስኮቷ ግማሹ ወጥቶ ተሰንቅሯል፤ አጣቢዋ ከውስጥ ትገፋለች፤ የፊደል ለቃሚው ሚስት ከውጭ ትጎትታለች።

«ዘወር አድርጊው እንጂ!»

«ወዴት ላዙረው? እግሩ አራት ነው፣ የኔ እጅ ሁለት!»

ከአጠገባቸው የመደዳው ሽማግሌ አዋላጇ እማማ ቆመዋል፤ ግማሹን ሰፈር በእጃቸው ያዋለዱ ሴት ናቸው፤ ጋቢያቸው ሥር አንድ ትልቅ ነገር አቅፈዋል። ጎብኚዋን ሲያዩ ሦስቱም ደርቀው ቀሩ። ልክ በዚያች ቅጽበት፣ ከጋቢው ሥር፣ ዳንግ! አለ።

«ሆዴ ነው» አሉ እማማ፣ ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ። «ቁርስ አልቀመስኩም።»

ዳንግ። ዳንግ። ሆዳቸው ሦስት ጊዜ ጮኸ። የፊደል ለቃሚው ሚስት ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወንበሩን ለቀቀችው፤ ወንበሩ ግን ከመስኮቱ ንቅንቅ አላለም።

«እሺ» አሉ እማማ ጋቢያቸውን ገልጠው። «ሰዓቱም የኔ ነው፤ ወንበሩም፤ ብርድ ልብሱም። ያዋለድኩበት ዋጋ ነው፤ የደላቸው ሰዎች የሰጡኝ። ምን ታደርጊናለሽ?»

«እኔ? ምንም! ግን ለምን፣ እማማ?»

«ለምን ትላለች! አምና ባሻው ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለውን ቤት ‹ባዶ ነው› ብለው ጻፉ፤ በሳምንቱ ሦስቱንም ልጆች ጭነው ማሳደጊያ ወሰዷቸው። እናታቸው እስከ ዛሬ በየበሩ ታለቅሳለች። አንቺ ደግሞ ቀን ቆርጠሽ፣ ሰዓት ቆርጠሽ ወረቀት ላክሽ። ተዘጋጁ ማለትሽ መሰለን፤ ተዘጋጀን።»

ልጅቱ ክው አለች። ቀስ ብላ፣ ትናንት ምን ብላ እንደጻፈች ነገረቻቸው። አጣቢዋ በወንበሩና በመስኮቱ መካከል አንገቷን አውጥታ ሰማቻት።

«እና» አለች አጣቢዋ፤ አንቱታውም ቀረ፤ «ልጆቼን አትወስዱም፤ ዱቄቱንም አትሰጡንም ማለት ነው?»

ሪፖርት የቢሮ ምስጢር ነው፤ ለባለጉዳይ አይነበብም፤ እንዲያ የሚያደርግም ሰምታ አታውቅም። ልጅቱ ግን ዞራ በፊት ለፊቱ በር ገባች፤ በሩን ዘጋች፤ ከተገለበጠ የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ላይ ተቀምጣ ደብተሯን ገለጠችና ለአጣቢዋ የራሷን ገጽ አነበበችላት። ክፍሉ አሁን ያለው እንዳለ ነበር፤ ግድግዳ፣ ባዶ አልጋ፣ ምንጣፍ፣ አንድ ድስት።

አጣቢዋ ሳቀች። «‹ሰዓት አላት› ብለሽ ጻፍሽ? እኔ እኮ ሰዓት ማንበብ አላውቅም!» ከዚያ ሳቋ ቀስ በቀስ ጠፋ። «ሰርዢው። እኔ ልንገርሽ፣ አንቺ ጻፊ።»

የዱቄቱን ጣሳ አምጥታ ገለበጠችው፤ የወረደ ነገር የለም። አራቱ ልጆች የሚተኙት በአባታቸው ካፖርት ሥር ነው፤ የጠርዙን ቦታ በተራ ይቀያየራሉ። ትልቋ ልጅ ትምህርት ያቆመችው ልብስ ለማድረስ ነው። ጎብኚዋ ዝም ብላ ጻፈች፤ ስትጨርስ መልሳ አነበበች። መጨረሻው ላይ «የሰው እጅ ታያለች» የሚል ነበረበት።

«እሱን አጥፊ» አለች አጣቢዋ። «የማንንም እጅ አይቼ አላውቅም። ሠርቼ ነው ያልበቃኝ።»

ልጅቱ ሰረዘችና «ትሠራለች፤ አልበቃትም» ብላ ጻፈች፤ አነበበችላት።

«አሁን እኔን ሆነ» አለች አጣቢዋ።

በዚያ ቀን ስድስቱም ቤት እንዲሁ ተቀመጠች፤ በየቤቱ በሩን ዘግታ እያነበበች፣ እያስነቀፈች። ፊደል ለቃሚው አስተካክለው ብቻ አልቀሩም፤ የፊደል ግድፈቷንም ለቀሙላት። ሐሙስን በንጹሕ ወረቀት ስትገለብጥ ዋለች፤ ዓርብ ጠዋት ስድስት ገጽ ይዛ ሻምበሉ ፊት ቆመች።

«አታለሉን በይኛ!» አሉ ሻምበሉ ነገሩን ሰምተው፤ ንዴታቸው ለማን እንደሆነ እንኳን ጠፍቷቸው። «አጭበርባሪ ሁሉ! ስድስቱንም ከመዝገብ እሰርዛለሁ።»

«አላታለሉም፣ ጌታዬ። እንግዳ ነኝ፣ እመጣለሁ አልኳቸው፤ ለእንግዳ ቤታቸውን አሳመሩ። ለምን እንደምመጣ ያልነገርኳቸው እኔ ነኝ። ወንበሩን አየሁ፤ ድስቱን ከፍቼ አላየሁም።»

«ለጉባኤው አንብቤዋለሁ እኮ! ተጨብጭቧል!»

«እንደገና ያንብቡላቸዋ።»

ሻምበሉ አፈጠጡባት። ምላሷን ነከሰች፤ ግን አንዴ ወጥቷል።

«ሪፖርቷን ራሷ የምታፈርስ ጎብኚ ዛሬ ቋሚ ልትሆን እንደማትችል ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ፣ ሻምበል።»

«እና ዝም ብትዪ ኖሮ፣ ማን ያውቅብሽ ነበር?»

«ስድስት ቤት።»

ሻምበሉ የላይኛውን ገጽ አነሡ፤ አነበቡ፤ አንድ ቦታ ላይ ጣታቸው ቆመ።

«‹ትሠራለች፤ አልበቃትም።› ይህን ማን አለ?»

«ራሷ ናት። አንብቤላት፣ አስተካከለችኝ።»

«ለባለጉዳይ ይነበባል እንዴ?»

«እኔ አነባለሁ።»

ግድግዳው ሥር ያለው ጸሐፊ እስክሪብቶውን አቁሞ ሲያዳምጥ ነበር። ሻምበሉ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉ። «በጦሩ ሳለሁ» አሉ በመጨረሻ፣ «ስሕተቱን በራሱ እግር መጥቶ የሚናገር አንድ ሰው ነበረኝ፤ እሱም ወጥ ቤቱ ነው፤ ጨው ሲያበዛ።» ከዚያ መዝገቡን ወደ እሷ ገፉት።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ስድስቱ ቤቶች መዝገቡ ላይ ገቡ። የማክሰኞው ሐሳብ በቀይ ቀለም ተሰረዘ፤ ሻምበሉ ከጎኑ «ባለጉዳዮቹ በማሳሳታቸው» ብላ እንድትጽፍ ነገሯት፤ እሷ ግን ብዕሩን ተቀብላ «ስሕተቱ የጎብኚዋ ነው» ብላ ጻፈችና ፈረመች። ሻምበሉ አይተው መዝገቡን ዘጉ። የሙከራ ጊዜዋም በስድስት ወር ተራዘመ።

አባቷ ስትገባ ከስፌት መኪናቸው ቀና አሉ። «እህ? ቋሚ ሆንሽ?»

«አልሆንኩም፣ አባዬ። ስድስት ወር ተጨመረብኝ።»

«ታዲያ ምን ያስፈነድቅሻል?»

ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ሰዓቱንም፣ መስኮቱንም፣ ቀዩን ቀለምም። አባቷ ጨርቁን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«ልብስ ሰፊ ሆኜ ሠላሳ ዓመቴ ነው» አሉ። «ያበላሸውን ስፌት ደንበኛው ፊት ቁጭ ብሎ የሚፈታ እስከ ዛሬ አላየሁም፤ እኔም አላደረግኩት።» ወደ ጓዳ ዞሩና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ስሚ እንጂ! ልጅሽ ሥራ ይዛለች!»

በስድስተኛው ወር ቋሚ ሆነች፤ ሠላሳ አንድ ዓመትም ሠራች። ማዘጋጃ ቤቱ ከብዙ ጊዜ በኋላ ታሪኩን በመጽሐፍ ሲያሳትም፣ ስለዚያ ዓመት የጻፈው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ በብርዱ ወራት ሁለት መቶ አሥራ አራት ቤተሰቦች እንደተረዱ፣ የጉብኝቱም ቅጽ በሻምበሉ ትእዛዝ እንደተሻሻለ። ሐሰት አይደለም፤ ትእዛዙን የፈረሙት እሳቸው ናቸው። ማሻሻያውም ከቅጹ ግርጌ የገባች አንዲት መስመር ናት፤ «ለባለጉዳዩ ተነብቦለት፣ ተስማምቶበታል» የምትል። መስመሯ ማን ገንዳ ላይ ተቀምጦ እንዳወጣት፣ ከሁለት መቶ አሥራ አራቱም ስድስቱ እንዴት እንደገቡ መጽሐፉ አያውቅም። በዚያ ክፍል ከእሷ በኋላ የተቀጠሩ ጎብኚዎች ግን ያችን መስመር ሳያነቡና ሳያስፈርሙ ከሰው ቤት ወጥተው አያውቁም፤ ማን እንደጀመረው የጠየቃቸው ካለ፣ «ድሮም እንዲሁ ነበር» ይላሉ።