አረንጓዴው ክዳን

«ኑዕማን፣ በሩን እያየህ!» አለች ሳሚያ።

ታናሽ ወንድሟ ደረጃው ላይ ቆሞ አዛጋ። «በቃ ለአባ ንገሪው። እስከ መቼ?»

መንፋቷን ቀጠለች። በብስክሌት መንፊያ የመኪና ጎማ መንፋት ክንድ ይገድላል። የአባቷ መኪና የኋላ ጎማ በየሌሊቱ ይተነፍሳል፣ እሷ በየጠዋቱ ትነፋዋለች። ሦስተኛ ሳምንቷ ነው።

አባቷ በመኪናው ሰው እያመላለሰ ነው የሚሠራው። ማሪዬታ ከተማ ያለ አንድ ጎማ ቤት በአየር ፈንታ ናይትሮጅን ሞላለትና አረንጓዴ ክዳን ገጠመለት። «ቶሎ አይቀንስም» አሉት። እሱ ጭራሽ የማይተነፍስ መሰለው። የጎማው ማስጠንቀቂያ መብራት ሲበራ ሳሚያ አየር እናስሞላው ብትለው ተቆጣ።

«ተራ አየር ከገባበት ይበላሻል!»

«አባ፣ አየር ራሱ እኮ አብዛኛው ናይትሮጅን ነው። ኬሚስትሪ ላይ ተምረናል።»

«እና በነጻ ያለውን ነው የገዛሁት?»

ፊቱ ሲከፋ አየች። በማግስቱ ተደብቃ ነፋችው፤ መብራቱ ጠፋ። «አየሽ? መብራቱ የበራው በብርዱ ነው» አላት።

ትናንት ደግሞ ጓደኛውን በስልክ ሲመክር ሰማችው። «ሉቅማን፣ ወላሂ፣ ሦስት ሳምንት ንክች አላለም! አንተም አስሞላ።»

አሁን ነፍታ ልትጨርስ ስትል ክዳኑ ከእጇ አምልጦ መኪናው ሥር ገባ። ልታወጣው በደረቷ ተኛች። ከጎማው ውስጠኛ ጎን ላስቲኩ አልቆ ሽቦው ወጥቷል።

ብትነግረው ምን እንደሚል ታውቃለች። «ይቆያል ኢንሻአላህ።» ከዚያ ሃይዌይ ይገባል፤ ጎማው እዚያ ሊፈነዳ ይችላል። አዲስ ጎማ የሚገዛበት የለውም። ናይትሮጅንም አየርም ሽቦ አይሸፍንም።

ከኪሷ የቤት ቁልፍ አወጣችና የጎማውን አየር ማስገቢያ በጫፉ ተጫነችው። ፉሽሽሽ።

«አብደሻል እንዴ? እየመጣ ነው!» አለ ኑዕማን።

«ይምጣ።»

አባቷ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ወረደ። ጎማው መሬት ላይ ተኝቷል። አየው። ከዚያ መንፊያውን አየ። ከዚያ እሷን።

«አንቺ ነሽ?» አለ ቀስ ብሎ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ?»

«ሽቦው ወጥቷል አባ። ጎንበስ በልና እየው።»

ጎንበስ አላለም። ሰዓቱን አየ። ሳንዲ ስፕሪንግስ ከተማ የሚጠብቀው ተሳፋሪ አለ።

«አምጪው» አለ እጁን ዘርግቶ። «ልንፋው።»

ሳሚያ መንፊያውን በሁለት እጇ አቀፈችው።

«አምጪ እኮ ነው የምልሽ!»

አልሰጠችውም።