ማምሻ ላይ የሚለካ እግር

የልጅ ልጄ ጫማ ሰፊ ናት። ደንበኛ ጠዋት ከመጣባት ወንበር ታቀርብለትና፣ በትሕትና፣ «ማምሻ ላይ ብቅ ይበሉ፤ እግርዎን የምለካው ውሎ ሲገባ ነው» ትለዋለች። አንዳንዱ ተቆጥቶ ይሄዳል፤ ያው ማምሻውን ይመለሳል። ይህ ልማድ ከየት እንደመጣባት የሚጠይቃት የለም። እኔ አውቃለሁ። ጭንቀታም ናት ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። የተጨነቀ ሰው ግን ብዙ ያያል።

መቃን ቤታችን ያመጣው የእኔ አሮጌ ጫማ ነው። ሶሉ ተላቀቀና ልጄ ከአስፋልቱ ማዶ ካለው ጫማ ቤት ወሰደችልኝ። የልጅ ልጄን ልጄ የምላት እናቷ ካረፈች ወዲህ ያሳደግኋት እኔው ስለሆንኩ ነው። እዚያ የሚሠራው ወጣት ቀጭንና ረጅም ነበር፤ ሰፈሩ በሙሉ መቃ ይለዋል። ጫማው ተሠርቶ በጋዜጣ ተጠቅልሎ መጣ። ስፈታው ሁለቱም የግራ ናቸው። አንደኛው የእኔ፣ ሌላው የማላውቃት ሴት።

እኔ ሳቅሁ። እሷ ግን ጨሰች። «እማዬ፣ ይሄ ልጅ ቀኝና ግራውን አይለይም እንዴ?» ብላ ጫማዎቹን ይዛ ወጣች።

የዚያን ዕለት አምሽታ ገባች። የት ነበርሽ ብላት፣ ቆዳ ፎርማ ላይ ሲወጠር እያየሁ አለችኝ። ፎርማ የሚሉት በእግር ቅርጽ የተጠረበውን እንጨት ነው። በማግስቱም ሄደች። ዓመቱ ሳይዞር ከጎኑ የራሷ መቀመጫ ዱካ፣ በእጇም ወስፌ ነበራት።

ቆይቶ ቤተኛ ሲሆን መቃ ራሱ ነገረኝ። «እማማ፣ አውቄ ነው የቀየርኩት። ተመልሳ ባትመጣ ምን ይውጠኝ ነበር?» አለኝ። ወደድኩት። ግን አንድ ነገር ልብ አልኩ፦ ይህ ልጅ እያወቀ ዝም ማለት ይችልበታል።

በዚያ በኩል ሳልፍ ሆን ብዬ እርምጃዬን አዘገይ ነበር። ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሠራሉ። እሷ ቀና ሳትል እጇን ስትዘረጋ፣ ሳትጠይቀው ክሩን መዳፏ ላይ ያኖረዋል። ከዚያ ለአፍታ ሁለቱም እጃቸውን አያነሱም። እኔም ጉዳዩ አልቋል ብዬ ቤቴ እገባለሁ።

ከዚያ ውድድሩ መጣ። ትልቁ የጫማ ፋብሪካ ለወጣት ጫማ ሰፊዎች አወጣው፤ ያሸነፈ ሩቅ አገር ሄዶ ሙያውን ይማራል ተባለ። ሁለቱም ተመዘገቡ። አንዳችሁ ብትቀሩስ ብያት ነበር። «ማንም ያሸንፍ ማን፣ ያው የእኛው ነው» ብላ ሳቀችብኝ። አንድ ወንበር ላይ ሁለት ሰው ሲቀመጥ አላየሁም ብዬ አጉረመረምኩ፤ የሰማኝ የለም።

ፈተናው ይህ ነው። ተወዳዳሪው በዕጣ ለደረሰው ሰው ከእግሩ ለክቶ ጫማ ይሠራል፤ ሰውየውም ማምሻውን አዳራሽ መጥቶ፣ አጥልቆት፣ በዳኞች ፊት ይራመዳል። ልጄ እስከዚያ ድረስ የሰፋችው ለሱቅ ነው፣ በቁጥር። የሰው እግር ለክታ አታውቅም። ለእሷ አንዲት ነርስ ደረሰቻት፤ ለመቃ የትራፊክ ፖሊስ።

ልጄ መታገሥ የት ታውቅና። ነርሷ ሥራ ከመግባቷ በፊት፣ ገና ከመኝታዋ ስትነሣ ሄዳ ለካቻት። መቃ አብሯት ሄዶ መለኪያውን ክር ያዘላት። የራሱን ፖሊስ ግን የለካው ሰውየው ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ቆሞ ውሎ ሲመለስ ነው።

የሠራችውን ጫማ ባያችሁት። ወይን ጠጅ፣ ለስላሳ፣ ስፌቱ የጉንዳን ሰልፍ የመሰለ። እኔ እንኳ እንባዬ መጣ።

አዳራሹ ውስጥ ነርሷ አጠለቀችው። የመጀመሪያው እርምጃ ደህና ነበር። በሁለተኛው ፊቷ ተለወጠ። ደግ ሴት ናት፤ ልጄን እያየች ፈገግ ለማለት ሞከረች፣ ከንፈሯን ነክሳ። መሀል ላይ ስትደርስ ግን ማነከሷን መደበቅ አልቻለችም። ቀኑን ሙሉ ቆማ የዋለች እግር እንዴት ጠዋት የተለካ ጫማ ይቀበላት? የመቃ ፖሊስ ደግሞ በገዛ ሳሎኑ እንደሚንጎራደድ ሰው ሄዶ ተመለሰ።

አሸናፊው ብለው መቃን ጠሩት። ቶሎ አልተነሣም፤ ዞሮ አያት። እሷ አጨበጨበች። ከኋላዋ ስለነበርኩ አየሁት፤ እጆቿ ይገናኛሉ እንጂ ድምፅ አልነበራቸውም።

ውጭ፣ በሩ ሥር ጠበቀችው።

«ክሩን የያዝከው አንተ ነህ። ጠዋት እንደነበር አይተሃል።»

«አይቻለሁ።»

«እግር ሲመሽ እንደሚያብጥ ታውቅ ነበር?»

«እናቴ ልብስ አጣቢ ናት» አለ። «ቆማ ነው የምትውለው። እንዴት አላውቅም?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?»

 ፊቱ ላይ የነበረውን ዛሬም አልረሳውም።

«ታውቃለች ብዬ ነው፤ ለራሴ የነገርኩት እንዲያ ነው። ግን ማሸነፍም ፈልጌ ነበር። አፌን የያዘኝ የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቀውም።»

ምናለ ቢዋሽ አልኩ በልቤ። ለመዋሸት ዓይን አፋር ሆነ፤ እሷም ዞራ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ወስፌዋን አልጋ ሥር ወረወረችው። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውላለች፤ ያቀረብኩላት ምግብ እንዳቀረብኩት ይመለሳል። እየሟሟች ስትሄድ እያየሁ ምን ልሁን? ስትተኛ ትንፋሿን አዳምጣለሁ፤ ስትነቃ «ምን ሆንሽ ደግሞ» ትለኛለች። መቃ በየጊዜው እየመጣ ደጃፉ ላይ ይቆማል። አንድ ቀን ከጓዳ ሆና፣ «የለችም በዪው» አለች፤ ጎረቤት ሁሉ በሰማው ድምፅ።

መቃም አንገቱን ደፍቶ፣ «እሺ፣ አለመኖሯን ሰምቻለሁ» ብሎኝ ሄደ። መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ።

አንድ ነገር ብቻ አልተወችም። በየማምሻው እግሬን ለብ ባለ ውሃና ጨው ታሽልኛለች፤ ከልጅነቷ የለመደችው ነው። አንድ ምሽት አውራ ጣቷን ቁርጭምጭሚቴ ላይ ስትጫን ቦታው ጎደጎደ። ጣቷን አነሣች፤ ጉድጓዱ ቀስ እያለ እስኪሞላ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም።

«እማዬ፣ እንዲህ የሚሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ።»

«በየማምሻው በእጄ ይዤው» አለችና ጣቷን መልሳ ተጫነችው። «እሱ ባይነግረኝ፣ ይሄ እግር ስንቴ ነግሮኛል። እኔ የማየው ቆዳውንና ስፌቴን ነበር እንጂ፣ የሚራመደውን ሰው መቼ አየሁት?»

አለቀሰች። ሲያለቅስ የከረመ ሰው ልቅሶ ይለያል፤ ይህኛው የመጨረሻው እንደሆነ ገባኝ። ዓይኗን ጠርጋ ክር አመጣችና እግሬን ለካችው።

የሰፋችልኝ ጫማ እንደ ዱባ የተንሰራፋ ነው፤ ለዓይን አይሆንም። ግን ሁልጊዜ ከማርፍበት ድንጋይ ላይ ሳልቀመጥ ሱቅ ደርሼ ተመለስኩ። ከዚያ የነርሷን ወይን ጠጅ ጫማ አስመልሳ ፈታችው፣ ማምሻ ላይ ለክታ እንደገና ሰፋችው። ነርሷ ባልደረቦቿን ይዛ መጣች። ቤታችን ቆመው በሚውሉ ሴቶች እግር ተሞላ። ልጄ ምግቧን መብላት ጀመረች። እንደ ድሮው ግን አትስቅም ነበር፤ ዝግ ብላ፣ እያየች፣ ነው የምትስቀው።

የመቃ መሄጃ ሲቃረብ ራሷ ጫማ ቤቱ ሄደች። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ እኔ ጃንጥላ አመጣሁልሽ ብዬ ተከተልኳት። «ማምሻ ላይ ቤት ና፤ እግርህን ልለካህ» ስትለው ሰማሁ።

መጣ። ተንበርክካ ክሩን እግሩ ላይ ጠመጠመች። እኔ መጋረጃው ጀርባ ልብስ አጥፋለሁ፤ አንዱን ሻሽ ስንት ጊዜ እንዳጠፍኩት እንጃ።

«ልቅር እንዴ?» አላት።

«ትቀርና አንድ ቀን፣ በአንቺ ምክንያት ነው ትለኛለህ።» ክሩን ወደ ተረከዙ አዞረች። «ኧረ አትልም። ዝም ነው የምትለው። እኔ ደግሞ ዝምታህን እየፈራሁ እኖራለሁ።»

«ይቅር አላልሽኝም ማለት ነው።»

«ብዬሃለሁ። ይቅር ያላልኩትን ሰው ለመንገድ ጫማ እሰፋለታለሁ?» እጇ ክሩ ላይ ቆመ። «እወድሃለሁም። ግን አሁን አንተም ሂድና ተማር፤ እኔም ገና መለካት መጀመሬ ነው። እግርህን አታንቀሳቅስ።»

የሄደ ዕለት አውቶቡስ መናኸሪያ ድረስ ሸኘነው። ጫማውን አድርጎታል፤ ቡናማ፣ ጌጥ የሌለው። ተሳሳሙ፤ ብዙም አልተነጋገሩም። ከዚያ ሻንጣውን አንሥቶ መራመድ ጀመረ። ልጄ ፊቱን አላየችም፤ ዓይኗ እግሩ ላይ ነበር።

ሙያዋን የምወድላት እኔ፣ ያን ቀን ክፉ ምኞት ተመኘሁ። ምናለ ትንሽ ቢጠበው፤ አንዲት ጣቱን እንኳ ቆንጠጥ ቢያደርገውና ጥቂት ተራምዶ ዞር ቢል።

አልጠበበውም። አንዴም ሳያነክስ አውቶቡሱ በር ደረሰ። ልጄም ያንን አይታ፣ ይዛው የነበረውን ትንፋሽ በረጅሙ ለቀቀችና፣ «ልኩ ነው» አለች።