ከጉልበቱ ጀርባ የወጣው ክብ

ማቲዎስ በኳስ ልምምድ መሃል ወድቆ ሲሞት ገና አሥራ አራት ዓመቱ ነበር። ቦርሳው ሲከፈት የአክስቱ የስርጉት ፔርሙዝ ተገኘ፤ ውስጡ የፈላ ዳማ ከሴ አለ።

ቴክሳስ፣ ግራንድ ፕሬሪ ከተማ ባለው ለቅሶ ቤት ይህን ያልሰማ አልነበረም። «ከአገር ያመጣችው ቅጠል ነው አሉ» የሚለው ሹክሹክታ ጆሮዋ ሲደርስ ስርጉት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች። ልጁን ምች መትቶታል ብላ ያጠጣችው እሷ ናት። እህቷን ዓለምጌጥን፣ የልጁን እናት፣ ቀና ብላ ማየት አቃታት።

የካውንቲው የአሟሟት መርማሪ ዕፀ ሕይወት በመጣች ጊዜ ስርጉት እጇን ለካቴና ልትዘረጋ ምንም አልቀራትም። መርማሪዋ ግን ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብላ ከጎኗ ተቀመጠች።

«እትዬ ስርጉት፣ ከቅጠሉ ሌላ ያደረጉለት ነገር አለ?»

ስርጉት ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አደረገች። «ከጉልበቱ ጀርባ ቀይ ነገር ወጥቶበት ነበር። ክብ ነው፤ እየሰፋ ሄደ። ጭርት መስሎኝ ነጭ ሽንኩርት ቀባሁት። ለእማዬ እንዳትነግሪ ስላለኝ ዝም አልኩ።»

«መቼ ነው?»

«ሰመር ላይ፣ ትምህርት ተዘግቶ፣ ከአባቱ ጋር በትራክ ሄዶ ከተመለሰ በኋላ።»

«ልብሱን ያጠበው ማነው?»

«እኔው ነኝ። ካልሲው ላይ የጫካ ሳር ተሰክቶ፣ አንድ በአንድ ስነቅል ዋልኩ።»

ዕፀ ሕይወት ለለቅሶ ወደ መጣው የኳስ አሠልጣኙ ወደ ከፍያለው ዞረች። ሰውየው ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ ነበር።

«አዙሮኛል ብሎኝ ነበር» አለ። «የሰነፈ መሰለኝ። ሩጥ አልኩት።»

አባትየው ይርጉ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። «እዚሁ ቴክሳስ፣ ኤል ፓሶ ነው የወሰድኩት» አላት። «ማለቴ፣ ከትራኩም እምብዛም አልወረድንም።»

ዓለምጌጥ በመጨረሻ ተናገረች። «ሰመር ሊያልቅ ሲል ትኩሳት ያዘውና ክሊኒክ ወሰድነው። ዶክተሯ ከቴክሳስ ውጭ ሄዶ ያውቃል ወይ ብላ ጠየቀች። ይርጉ ከቴክሳስ አልወጣም አላት። ደም ቀድተው ቫይረስ ነው አሉን።»

«ማቲዎስስ ምን አለ?»

«አባቱን አየና ዝም አለ።»

የደሙ ውጤት ሲደርስ መርማሪዋ ተመልሳ አራቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ፔርሙዙ ተመርምሯል፤ የሚጎዳ ነገር የለበትም» ብላ ጀመረች። «ማቲዎስን የገደለው የላይም በሽታ ነው። መዥገር ሲነክስ የሚያስተላልፈው ባክቴሪያ ነው። አልፎ አልፎ ልብ ውስጥ ይገባል፤ ልብ ውስጥ ሲገባ ያዞራል፤ ሳይታወቅ ከቆየ ልብን ሊያቆም ይችላል። እትዬ ስርጉት ያዩት ክብ ጭርት አልነበረም።»

«በምን አወቅሽ?» አለች ዓለምጌጥ።

«በደሙ። ሰውነት ይህን ባክቴሪያ ሲዋጋ ደም ውስጥ ምልክት ይተዋል። ቶሎ የሚታይ አለ፣ ዘግይቶ የሚታይ አለ። ክሊኒኩ ከቀዳው ደም የተረፈው አልተጣለም ነበር፤ በእሱ ላይ ቶሎ የሚታየው ብቻ ተገኘ። ከሞተ በኋላ በተወሰደው ደም ላይ ሁለቱም አሉ። ስለዚህ ክሊኒክ ሲሄድ በሽታው ገና አዲስ ነበር፤ የተነከሰው ሰመር ላይ ነው።»

«ታዲያ ዶክተሯ ለምን አላየችውም?» አለ ከፍያለው።

«እዚህ አካባቢ ብርቅ ነው፤ የሚበዛው በሰሜን ምሥራቅ ባሉት ግዛቶች ነው። ጉዞ የጠየቀችውም ለዚህ ይመስለኛል። የነበረበትን ብታውቅ ኖሮ ያንኑ ደም ታስመረምረው ነበር። በጊዜው ከተደረሰበት በአንቲባዮቲክ ይድናል።» ወደ አባትየው ዞረች። «ኤል ፓሶ በረሃ ነው። ከካልሲው የተነቀለው ግን የጫካ ሳር ነው። ጋሽ ይርጉ፣ ልጁን የት ወሰዱት?»

ይርጉ ፊቱን ከዓለምጌጥ መለሰ።

«ሰሜን ምሥራቅ፣ ኮኔቲከት» አለ። «እዚያ ሴት ልጅ አለችኝ። እህቱን ይወቃት ብዬ ነው። ከቤታቸው ጀርባ ጫካ አለ፤ እዚያ ሲጫወቱ ከረሙ። እንዳይናገር ያስማልኩት እኔ ነኝ። ክሊኒክ ስንሄድ ዓለምጌጥ አጠገቤ ነበረች። አፈርኩ። ለትኩሳት ምን ለውጥ ያመጣል ብዬ ዋሸሁ።»

ስርጉት ደረቷ ላይ የተጫነው ድንጋይ ሲወርድ ተሰማት። ወዲያው ደግሞ እፎይ ማለቷ አሳፈራት። ልጁ አልተመለሰም፤ ክቡንም ለእናቱ አልተናገረችም።

«ልጅቷስ?» አለች ዕፀ ሕይወት። «ደህና ናት?»

ይርጉ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ትናንት እናቷ ደውላ ነበር። የልጅቷ ፊት አንድ ጎኑ አልታዘዝ ብሏል። ብርድ መትቷት ነው ብላ ቤት አስተኝታታለች።»

«ማቲዎስ መሞቱን ነግረዋታል?»

«አልነገርኳትም።»

«ይህም በሽታ የልጅ ፊት ያጣምማል። ዛሬውኑ ደሟ መታየት አለበት።»

ይርጉ ስልኩን አወጣ፤ ስሞቹን ወደ ላይ ወደ ታች ያንሸራትት ጀመር እንጂ አልደወለም። ያኔ ዓለምጌጥ ተነስታ ስልኩን ከእጁ ወሰደች። ፊቱን አላየችም።

«የትኛው ስም ነው?» አለችው።

አሳያት። ስልኩ ጥቂት ጠራና ተነሳ።

«ይርጉ አይደለሁም» አለች ዓለምጌጥ። «የማቲዎስ እናት ነኝ። ስለ ልጅሽ ነው የደወልኩት። ልጄን መዥገር ነክሶት ሞቷል፤ አሁን አብረን አናልቅስ፤ ጫማዋን አድርጊላትና ሐኪም ቤት ውሰጃት። ከልጄ ጋር ጫካ ውስጥ እንደነበረች ንገሪያቸው። ምንም እንዳትደብቂ።»