የሦስተኛዋ ቁልፍ

ልብስ ሰፊዋ «እኔ ቅናት የሚባል አላውቅም» እያለች ትመጻደቅ ነበር። እውነቷን ነው፤ እስከዚያን ዕለት ድረስ የምትቀናበት ሰው አልነበራትም።

ሱቋ ከእናቷ ቤት ጎን የተለጠፈች አንዲት ክፍል ናት። የጀርባዋ ቆርቆሮ ከአሮጌው የባትሪ ማደሻ ግቢ ጋር ያዋስናታል። ማደሻው ከተዘጋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ትቶት የሄደው መርዝ ግን ማንም ሳያስፈቅደው ከመሬቱ በታች ይኖራል። አሁን ግቢው ጸድቶ ለሰፈሩ ሰው አዲስ ቤት ሊሠራበት ነው። መርዙ አጥሩን ተሻግሮ ከሆነ ግን የእነልብስ ሰፊዋ የቤት መስመር በሙሉ ይፈርሳል፤ ጎረቤቱም ወደየዳርቻው ይበተናል። አፈርና ውሃ እየመረመረ ይህን የሚያጣራ አንድ ወጣት ባለሙያ ተላከ። ሰፈሩ «አፈሩ» አለው። እሱም አልተቀየመም።

አፈሩ መጀመሪያ የመጣው ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ሱሪ ይዞ ነበር።

«አጥር ስዘል ነው» አላት።

«በር አለው እኮ!»

«በሩን ያየሁት ከዘለልኩ በኋላ ነው።»

ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ሱሪዎቹ ዕድሜ አጡ። አንደኛው ቀዳዳ በምላጭ የተሠራ መሆኑን እያወቀች ሰፋችለት። ሱሪውን ሊወስድ ሲመጣ ዓይኑ እጇ ላይ ይቆያል፤ እሷም መቀሷን የምትፈልግ መስላ ታጎነብሳለች። መቀሱ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

አንድ ቀን ከሰዓት ሱሪ ጥሎላት፣ በቱታው ወደ ግቢው ከተመለሰ በኋላ፣ ከቆርቆሮው ማዶ በስልክ ሲያወራ ሰማችው።

«ሁለቱስ ደህና ናቸው። ያስቸገረችኝ ሦስተኛዋ ናት።»

የስፌት መኪናዋ ቀጥ አለች።

«በየጠዋቱ እሷ ጋ ነኝ... አይ፣ ከላይ ሲያይዋት ምንም አትመስልም፤ ጥልቅ ናት... ቁልፏማ እኔው ጋ ነው፤ ለማንም አልሰጥም። ነገ ይለይላታል።»

ሁለት ደህና፣ አንዲት ጥልቅ። ታዲያ እሷ ስንተኛ ልትሆን ነው?

«አፈር ብላ!» አለችው በቆርቆሮው በኩል፣ ቀስ ብላ። ወዲያው ስድቡ እንደማይጎዳው ትዝ አላት፤ ሥራው ነው።

ሱሪውን ስታነሳ የኋላ ኪሱ ውስጥ ጣቷ ቀዝቃዛ ነገር ነካ። ትንሽ ቁልፍ! ቁልፉን መልሳ ከተተችና የኪሱን አፍ በድርብ ክር ሰፋችው። አልበቃትም፤ ደገመችው።

«ምነው ልጄ፣ ሱሪውን ነው ሰውየውን ነው የምትሰፊው?» አሉ በር ላይ የቆሙት እናቷ።

«ሥራዬን ነው የምሠራው።»

«ሥራ ነው ታዲያ ጥርስ የሚያፋጭ?»

አመሻሹ ላይ አፈሩ ፈገግ ብሎ ብቅ አለ።

«አልደረሰም። ነገ ይምጡ» አለችው።

«ይምጡ? ከመቼ ወዲህ ነው ያረጀሁት?»

«ሦስት ቦታ የሚያድር ሰው መከበር አለበት» አለችና መስኮቱን ዘጋችበት። ከመጋረጃው ጀርባ ሆና አየችው። አፉን ከፍቶ ቆሞ ነበር። ደስ አላት፤ ከዚያ አለቀሰች።

በማግስቱ ግቢው በሰው ተሞላ። የላቦራቶሪው መኪና ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል። እናቷ እያለከለኩ መጡ።

«ጉዳችን ፈላ! አፈሩ የሦስተኛዋን ቁልፍ ጥሎ ሊያብድ ነው።»

«እና እኛ ምን አገባን? ሄዳ ታስቀርጽለት!»

«ማን? ጉድጓዷ? ከጓሯችን የተቆፈረችውን እኮ ነው የምልሽ! የውሃዋ ናሙና ዛሬ ካልሄደ መስመራችን እንደተመረዘ ተቆጥሮ ይፈርሳል። ክዳኗን እንዳይሰብሩት ደግሞ የብረት ብናኝ ገብቶ ውሃውን ያበላሸዋል አሉ።»

ልብስ ሰፊዋ ሱሪውንና ምላጩን ይዛ በረረች።

ጣውንቷ ጉልበት የማትደርስ፣ ቢጫ የተቀባች የጉድጓድ ቱቦ ነበረች፤ አናቷ ላይ የብረት ክዳን ደፍታለች። አፈሩ ፊቷ ተንበርክኮ ቦርሳውን ይዘረግፋል።

«ሦስተኛዋ... ይቺ ናት?»

«ማን መስላሽ ነበር?»

ሱሪውን ሰጠችው። እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ አልገባም። ስፌቱን ዳበሰው፣ አያት፣ ቱቦዋን አየ፣ እንደገና እሷን አያት። ፈገግታው ቀስ እያለ ወጣ።

«በቱቦ ቀናሽ?»

«ዝም ብለህ ተርትር!» አለችው። «እርስዎ» እዚያው ላይ ቀረ።

እሱ ጨርቁን ወጠረ፣ እሷ ምላጩን ያዘች። ግንባራቸው ሊነካካ ደረሰ። ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል፤ ክሩ አልበጠስ ይላል።

«ጎበዝ ሰፊ ነሽ» አላት በሹክሹክታ።

«ሲያናድዱኝ ነው።»

ቁልፉ መሬት ላይ ወደቀ። አፈሩ ክዳኑን ከፈተና ውሃ ወደ ብልቃጥ ሊቀዳ ቀጭን ጎማ ወደ ጉድጓዷ አወረደ፤ ትንፋሹን ይዞ፣ ዓይኑን ሳይነቅል። ልብስ ሰፊዋ ቤቷ በዚያች ብልቃጥ ውሃ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ እንኳን አላስቻላትም። እኔን እንዲህ አይቶኝ ያውቃል? አለች በልቧ።

ውጤቱን ይዞ ሲመጣ ሱሪ አልያዘም።

«ውሃው ንጹሕ ነው፤ ቤቱ አይፈርስም። የጓሮው የላይኛው አፈር ላይ ብቻ እርሳስ ተገኝቷል።»

«እርሳስ ከሆነማ ለተማሪዎች ይታደል» አሉ እናቷ።

«እሱኛው አይደለም እማማ፤ የባትሪው ነው። አፈሩ ይነሣና ንጹሕ አፈር ይሞላበታል።»

እናትየው የረሱት ሥራ ድንገት ትዝ ብሏቸው ወደ ውስጥ ገቡ።

«እንግዲህ ጨረስክ» አለችው መቀሷን እየነካካች። «ትሄዳለህ።»

«አፈር ስሆንልሽ...»

«የትኛውን አፈር? የሚነሣውን ነው የሚሞላውን?»

«የሚቀረውን» አላት።

መቀሱን ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንገቷ ላይ አውልቃ አስቀመጠችው።

ዛሬ በአሮጌው ግቢ አዳዲስ ቤቶች ቆመዋል። ሦስተኛዋ ግን ክረምት በወጣ ቁጥር መመርመሯ አልቀረም። ባልየው ቁልፉን ከሚስቱ ይጠይቃል፤ ከሽርጧ ኪስ ታወጣለታለች። እስኪጨርስም አጠገቡ ትቆማለች፤ ቶሎ በል ትለዋለች፣ ምን ያስጎነብስሃል ትለዋለች። ሲጨርስ ክዳኑን ራሷ ትቆልፍና «በይ ደህና ዋይ» ትላታለች ጣውንቷን።

ውሃው ዘንድሮም ንጹሕ ነው። ድምጿ ውስጥ ግን ትንሽ መርዝ አልጠፋም።